ፋሚሊ ፓርክ ከሆነ ጣሳው ለምን ተደፋ?

አንድ ወዳጃችን አለ፤ ነገርን ሁሉ በ«ሥልጣኔ» የሚመዝን። ሰሞኑን «ልጆች ሊጫወቱ የሚመጡበት መናፈሻ ሬስቶራንቱ ውስጥ ቢራ መሸጥ የለበትም» ስንለው ከት ብሎ ሳቀና «እናንተ እኮ ገና ከዋግ አልወጣችሁም» አለን። እውነቱን ነው። ሰቆጣ ተምረን፣ ክረምት ክረምት ፃግብጂ ዘመድ ጥየቃ ሄደን፣ አዲስ አበባ ገብተን በጋዜጠኝነት ዲግሪ ጭነን፣ ዛሬም ከዋግ አልወጣንም። ስለ መጠጥ አፋችንን ሞልተን የምናወራውም ለዚሁ ነው። እሱ መጠጥን የሚያውቀው ከጃምቦው ጀምሮ ነው፤ እኛ ከብቅሉ ጀምሮ።

ነገሩ በሳቅ እንዳያልፍ አቋማችንን ከፊት እናስቀምጠው። «የቤተሰብ መናፈሻ»፣ «የልጆች መዝናኛ»፣ «ፋሚሊ ፓርክ» የሚል ታፔላ የሰቀለ፣ በር ላይ በልጅ ሒሳብ ትኬት የሚቆርጥ፣ ወይም ከተማው ለሕዝብ መዝናኛ ብሎ በሰጠው መሬት ላይ የተቀመጠ ቦታ ሁሉ በሬስቶራንቱ አልኮል አይሽጥ። ቢራውንም፣ ወይኑንም፣ «ከምግብ ጋር ብቻ» የሚባለውንም። ሆቴል ከሆነ ይሽጥ። ግቢው ውስጥ ሸርተቴ ስለተተከለ ሆቴል መናፈሻ አይሆንም፤ ወላጅም ሲገባ የት እንደገባ ያውቃል። ጠባችን የአንዱን ስም ለጥፎ የሌላውን ሥራ ከሚሠራው ጋር ነው።

ይህን ስንል የሰንበት ትምህርት ቤትም የመስጊድም ውክልና ይዘን አይደለም። ስብከት የሚፈልግ ሰው ከእኛ የተሻለ ሰባኪ ሞልቶለታል። ከመካከላችን ዓርብ ማታ ድራፍት የምትወድ አለች፤ ስሟን ባንጽፍም ራሷን ታውቃለች። ክርክራችን መጠጥ ኃጢአት ነው አይደለም የሚል አይደለም። ክርክራችን ስለ ቦታ ነው።

ጠላ ቤት አይዋሽም

በእኛ አገር ጠላ የሚሸጥበት ቤት ደጃፍ ላይ እንጨት ይተከላል፤ እንጨቱ ጫፍ ላይ ጣሳ ይደፋል። በቃ። ፊደል ያልቆጠረውም ያነበዋል። የሚጠጣ ይገባል፣ የማይጠጣ ያልፋል፣ ልጇን መንገድ የላከች እናትም ልጇ ወዴት እንዳይገባ እንደምትነግረው ታውቃለች። ለእኛ ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ የንግድ ምልክት እስካሁን አልተሠራም። ባለ ፋሚሊ ፓርኩ ግን ቢራውን ፍሪጅ ውስጥ ደርድሮ በሩ ላይ የሚሰቅለው የአንበሳ ደቦልና የፊኛ ሥዕል ነው። እኛ የምንለው፣ ወይ ጣሳህን ደፋና ሁላችንም እንወቀው፣ ወይ ፍሪጅህን ባዶ አድርግ።

ጠላ በየቤቱ ሲጠመቅ ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። ጌሾው ተወቅጦ፣ ብቅሉ ተፈጭቶ፣ አሻሮው ታምሶ፣ ቂጣው ተጋግሮ፣ በጥንስስና በድፍድፍ አልፎ ጋን ውስጥ እስኪጠራ ቀናት ይወስዳል። ያ ሁሉ ቀን የሚለፋበት ምክንያት አለ፤ ክርስትና ነው፣ ማኅበር ነው፣ ተዝካር ነው፣ ደቦ ነው። ምክንያቱ ሲያልቅ ጋኑም ያልቃል። አሳላፊዋ መጀመሪያ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ ከዚያ ለሽማግሌው፣ ከዚያ ለሌላው ትቀዳለች። አንዱ ሞቅ ሲለውና ድምፁ ከፍ ሲል «ይብቃህ» የምትለውም እሷ ናት፤ እሷ ካለች ደግሞ ይበቃዋል፤ ምክንያቱም ነገ ጠዋት ውኃ መውረጃው ላይ ያገኛታል፣ ለሌላ ድግስም በሯን ይረግጣል። ለልጅ የሚሰጠው ቅራሪ ነው፤ ዋናው ከተቀዳ በኋላ አተላው ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚወጣው ቀጭኑ። (ቅራሪም ቢሆን አልኮል አለው። ለሕፃን መስጠቱ ደግ ነው አላልንም፤ እሱን ልማድ የሚያስተወን ሰው ቢመጣ እጁን እንስማለን።)

አሁን ይህን ከመናፈሻው ሬስቶራንት ጋር አስተያዩት። አስተናጋጁ «ይብቃህ» አይልም። ሊልም አይችልም። የተቀጠረው «ልድገምልዎት?» እንዲል ነው። ጠጪውን አያውቀውም፣ ነገም አያገኘውም። ሽማግሌ የለም፣ ጎረቤት የለም፣ የሚያልቅ ጋን የለም። ፍሪጁ ሁሌም ሙሉ ነው።

ወዳጃችን ግን «ልጁ ጠላ ባለበት ቤት አይደለም ወይ ያደገው? ባህላችን ነው» ብሎ ሙግቱን ቀጠለ። እሺ ባህላችን ነው። ታዲያ ጠላው የታለ? ፍሪጁ ውስጥ የእማማ ጠላ የለም። ያለው ቢራ ነው። ሐረርና በደሌ ቢራ ፋብሪካዎችን እ.ኤ.አ. በ2011 የሆላንዱ ሃይኒከን ገዛቸው። ሜታ አቦን በ2012 የእንግሊዙ ዲያጆ ወሰደው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ለቢ.ጂ.አይ. ሸጠው። ቢ.ጂ.አይ. የፈረንሳዩ ካስቴል ነው፤ ጊዮርጊስ ቢራም ከ1998 ጀምሮ በእሱ እጅ ነው። ይግዙ፣ ይሽጡ፣ ሠራተኛ ይቅጠሩ፤ በዚህ ጠብ የለንም። ግን የአምስተርዳምንና የፓሪስን ካምፓኒ ዕቃ ለመሸጥ የእናቶቻችንን ጋን መጥቀስ ምን የሚሉት ነገር ነው?

ደግሞ ስለ እናቶቻችን ከተነሳ፣ አብረውን ከተማሩት መሀል ደብተራቸው በእናታቸው ጠላ የተገዛ ብዙ ናቸው። አረቄም ጨምሩበት። እነዚህን እናቶች ዝቅ አድርጎ የሚያይ ካለ ከእኛ ጋር ነው የሚጣላው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ጠላ ሻጯ እናት ጠጪው ሲበዛና ወሬው ሲከፋ ልጇን ምን ነበር የምትለው? «ሂጂ፣ ውጪ ተጫወቺ» ነው የምትለው። አማራጭ ባይኖራትም፣ ክፍሉ አንድ ቢሆንም፣ ልጇንና ጠጪውን በደጃፉ ልትለያቸው ትሞክራለች። ባለ ፋሚሊ ፓርኩ አንድ ሄክታር መሬት ይዞ ያቃተው ይኼ ነው። «ውጪ ተጫወቺ» የተባለችው ልጅ የወጣችበት ሜዳ ላይ ነው ጃምቦውን ይዞ የመጣው።

«የሠለጠነው ዓለም ይሸጣል»

ይሸጣል እንዴ? እስቲ እንየው።

ዲዝኒላንድ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1955 ነው። ዋልት ዲዝኒ መጠጥ ረባሽ ሰው ይጎትታል የሚል እምነት ስለነበረው ከበሩ ወዲህ ለሕዝብ አልኮል እንዲሸጥ አልፈቀደም። በ1967 የተከፈተች አንዲት የአባላት ክለብ ውስጥ መጠጥ ነበር፤ ገንዘብ ላለው በር ጠፍቶ አያውቅም። ለተራው ጎብኚ ግን እስከ 2019 ድረስ፣ 64 ዓመት ሙሉ፣ አልተሸጠም። ፍሎሪዳ ያለው ማጂክ ኪንግደም በ1971 ተከፍቶ ቢራና ወይን ወደ አንዲት ሬስቶራንቱ ያስገባው በ2012 ነው፤ ያውም ለእራት ብቻ። ቶኪዮ ዲዝኒላንድም ተራ ጎብኚውን ከ1983 እስከ 2020 ያለ አልኮል አስተናግዷል። ጃፓን ደግሞ ከሥራ ሲወጣ ቢራ የማይጠጣ ሕዝብ አገር አይደለችም። ዛሬ ሁሉም በተወሰነ መልኩ ይሸጣሉ፤ አልካድንም። ነገር ግን ስማቸውን የተከሉት፣ ሕንፃ በሕንፃ ላይ የደረደሩት ሳይሸጡ ነው። «ያለ ቢራ ፓርክ አያተርፍም» የሚለን ሰው ይህን ታሪክ የት ሊያስገባው ነው?

ወዳጃችን የሚወዳት ፓሪስን ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1992 የፓሪሱ ዲዝኒ ሲከፈት አልኮል አልነበረም። ፈረንሳዮች «ያለ ወይን ምሳ አይሆንም» ብለው አጉረመረሙ፤ በዓመቱ በ1993 ተፈቀደላቸው። «አያችሁ፣ ባህል ሲከበር!» አለን። አየን። ፓሪስ የፈቀደው ድሮም እናት፣ አባትና አያት ተሰብስበው በሚበሉበት ገበታ ላይ የነበረውን ነው። እኛ ዘንድ ቢራ የት ነው ያለው? እስቲ እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ቤት አስቡ። አብዛኛው አባት ቢራውን የሚጠጣው ከቤተሰቡ ጋር ሳይሆን ከቤተሰቡ ርቆ ነው፤ ጠጥቶ ነው የሚመጣው። በዓልን እናውጣና፣ ቢራ በከተማችን የወንዶች መሰባሰቢያ ነው፤ ቦታ ሲይዝም የሚይዘው እንደ ወንዶች መሰባሰቢያ ነው። ስለዚህ የፓሪሱን ውሳኔ እንዳለ እዚህ ማምጣት ባህል ማክበር አይባልም።

የኮፐንሃገኑ ቲቮሊ ደግሞ አለ። ከ1843 ጀምሮ ያለ፣ ቢራም የሚሸጥበት፤ ሰማይ አልተደፋም። ሙኒክ ውስጥ በዛፍ ጥላ ሥር ቢራ የሚጠጣባቸው ግቢዎች የልጆች ሸርተቴ አላቸው። ከሁሉም መከራከሪያዎች ጠንካራው ይኼ ነው ብለን እናምናለን። ነገር ግን የኮፐንሃገን ልጅ ከቤቱ ወጥቶ ትንሽ ቢራመድ ምንም የማይሸጥበት፣ ትኬት የማይጠየቅበት፣ አሸዋና ዥዋዥዌ ያለው ሜዳ ያገኛል። እሑድ ቲቮሊን ባይወድ ሌላ አለው። የእኛ ልጅ ምን አለው? አዲስ አበባ ላይ ለብዙ ዘመን ልጅ ይዞ መውጣት ማለት ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ወይም ቦራ ማለት ነበር። አንድነት ፓርክ በመስከረም 2012፣ የሸገሩ ወዳጅነት በጳጉሜን 2012፣ እንጦጦ በመስከረም 2013 ተከፈቱ፤ ከ2016 ወዲህ ደግሞ ኮሪደር ልማቱ በየመንገዱ ዳር አግዳሚ ወንበርና መጫወቻ ጣል ጣል አድርጓል። ጥሩ ነው። ግን ቁጠሩትና ከልጁ ብዛት ጋር አስተያዩት። ከአዲስ አበባ ስትወጡ ደግሞ መቁጠሩም አያስፈልግም። ብዙ ያለው አንዱን ለቢራ ቢሰጥ አይጎዳም። አንድ ብቻ ያለው ግን ሁሉንም ሰጠ ማለት ነው።

ቢራ ብቻውን አይመጣም

ስሙን የማንጠራው አንድ መናፈሻ አለ። ስንተዋወቅ ጭማቂ፣ ሻይ፣ ቡና፣ አይስክሬምና ሳምቡሳ ነበር የሚሸጠው። ወንበሮቹ ወደ መጫወቻው ዞረው ነበር የተደረደሩት፤ ወላጅ ሻዩን ሲጠጣ ልጁን እንዲያይ። በሚቀጥለው ዓመት ስንሄድ አንድ ፍሪጅ ገብቷል። ፍሪጁ የቢራ ስም አለበት። ከፍሪጁ ጋር ጃንጥላዎች መጥተዋል፣ ከጃንጥላዎቹ ጋር የፕላስቲክ ወንበሮች፤ ሁሉም የዚያው ቢራ ስም አለባቸው፤ ሁሉም «ስጦታ» ናቸው። ከዚያ ወንበሮቹ ዞሩ። ወደ ስክሪኑ ዞሩ፤ ቅዳሜ የእንግሊዝ ኳስ አለ። ከዚያ ዲጄ መጣ። ከዚያ የጭማቂው ማሽን ተበላሸ፣ የሚያሠራውም ጠፋ። ማን «ይህ ከዛሬ ጀምሮ መጠጥ ቤት ነው» ብሎ ወሰነ? ማንም። ማንም ሳይወስን ነው የሆነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚያስገባው ዕቃ ወንበሩንም፣ ሙዚቃውንም፣ ሰዓቱንም ወደ ራሱ ጎተተው።

ሰዓቱን እንያዝ፤ ምክንያቱም ነገሩ የሴት ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። መናፈሻው የሚዘጋው ምሽት 2 ሰዓት ነው፣ በሩ ላይ ተጽፏል። ልጅ ለያዘች ሴት ግን የሚዘጋው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ጠረጴዛዎቹ ሞቅ ማለት ይጀምራሉ፤ «እኅታችን፣ አንድ እንጋብዝሽ» ይመጣል፤ እምቢ ስትይ «ለምን ታዲያ እዚህ መጣሽ?» ይከተላል። ከመካከላችን አንዷ የእኅቷን ልጅ ዥዋዥዌ እየገፋች ይህን ተብላለች። ለምን መጣሽ? ልጅ ዥዋዥዌ ስለፈለገ ነው የመጣችው፤ ታፔላው እንደዚያ ስለሚል። ሳር ረገጣችሁ ብሎ የአምስት ዓመት ልጅ ሲያባርር የዋለው ጥበቃ ደግሞ በዚያን ሰዓት አይታይም። ለሁለቱ ተመሳሳይ ትኬት ተቆርጧል፤ አንዷ ግን የከፈለችበትን አራት ሰዓት ለሌላው ትታለት ወጣች። «እናንተን ማን ከለከለ፣ ሁሉም ሰው ነፃ ነው» ሲሉን የምንበሳጨው ለዚህ ነው።

ሌላም አለ፣ አጭር ነው። ልጆቹን ይዞ የመጣው አባት ልጆቹን ይዞ ይመለሳል። ከእንጦጦ ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ከቢሾፍቱ የፍጥነት መንገድ ይጠብቀዋል። ሠፈር መጠጥ ቤት የጠጣ ሰው በእግሩ ይገባል፤ መናፈሻ የጠጣ ሰው መሪ ይዞ፣ ሦስት ልጅ ከኋላ ጭኖ ነው። መዋኛ ገንዳ ካለበትማ ባናወራው ይሻላል። የገንዳ ዳር ጠባቂ ያለበት ቦታ ስንት ነው? ብዙውን ጊዜ ጠባቂው ወላጁ ራሱ ነው፤ የወላጁ ዓይን ደግሞ ከሁለተኛው ጠርሙስ በኋላ ጠባቂ አይሆንም።

ሕጉስ ምን ይላል?

በ2011 ዓ.ም. የወጣውን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112ን ብዙዎቻችሁ የምታውቁት በአንድ ነገር ነው፤ የቢራ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን የጠፋበት አዋጅ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ታስታውሳላችሁ? ከድራማው መሀል ቢራ፣ ከዜናው በፊት ቢራ፣ እንቁጣጣሽ ቢራ፣ ኳሱ ቢራ። የአራት ዓመት ልጅ የቢራውን ዘፈን ከሀ ሁ በፊት ይዘምር ነበር። ግንቦት 2011 ላይ ቀጥ አለ። ያው አዋጅ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል።

አሁን ነገሩን አገጣጥሙት። አገሪቱ ልጁ ቢራ እንዳያይ ቴሌቪዥኑን አጸዳችለት። ወላጁ ከቴሌቪዥን ይራቅ ብሎ ልጁን ይዞ መናፈሻ ወጣ። መናፈሻው ልጁን የቢራ ስም የተጻፈበት ጃንጥላ ሥር፣ የቢራ ስም የተጻፈበት ወንበር ላይ አስቀመጠና ድንች ጥብስ አቀረበለት። ማስታወቂያው ከሠላሳ ሰከንድ ወደ አራት ሰዓት አደገ። ከ21 ዓመት በታች የሚለውን ደግሞ፣ ከደንበኛው ግማሹ ጥርሱ ገና እየተነቀለ ያለ ቦታ ላይ፣ መታወቂያ የሚጠይቅ አስተናጋጅ ካያችሁ ንገሩን። እኛ አላየንም። አዋጁ መናፈሻን ለይቶ ስም አልጠራ ይሆናል፤ መንፈሱ ግን ግልጽ ነው፤ የከተማ አስተዳደር ይህን መንፈስ ይዞ በራሱ መሬት ላይ የራሱን ውል ከመጻፍ የሚከለክለው የለም።

ባለሀብቱ «እከስራለሁ» ይላል። ይህን አናጣጥልም። መጫወቻዎቹ ከውጭ ነው የሚመጡት፣ ዶላር ነው፤ ጥገናው አለ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ አለ። ቢራ ሲወጣ ትኬቱ ሊወደድ ይችላል፤ አይወደድም ብለን አንዋሽም። መልሳችን ግን ጥያቄው የሚቀርብለት ሰው ተሳስቷል የሚል ነው። ልጅ የሚጫወትበት ቦታ ያስፈልገናል ያለው ከተማው ከሆነ፣ የመሬት ኪራዩን ይቀንስ፣ ግብሩ ላይ ይራራ። የጎደለውን በቢራ ሙላ ማለት ወጪውን ለእናትየዋ የምሽት ሰዓት ማስከፈል ነው። ያው እናት በ10 ሰዓት ወጥታ የምትከፍለው።

«የአዋቂስ ነፃነት?» ለሚለን፣ እባክህ ከቤትህ ውጣና ቢራ ሳታገኝ ስንት እርምጃ እንደምትሄድ ቁጠር። ከዚያ ዥዋዥዌ ሳታገኝ ስንት እንደምትሄድ ቁጠር። ቆጥረህ ስትጨርስ እንነጋገር።

ሰቆጣ ላይ ከመድረሱ በፊት

ይኼን ሁሉ ከአዲስ አበባ ሆነን ስንጽፍ «ለዋግ ሕፃን ስለ ፋሚሊ ፓርክ ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ?» የሚለን ሰው እንዳለ እናውቃለን። በጦርነቱ ዓመታት ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ሰቆጣ ዙሪያ፣ ወለህ መጠለያ ውስጥ ነው የከረሙት። በ2015 ደግሞ ድርቁ ሳህላንም ፃግብጂንም መታ። ልጅ ውኃ በጠማው አገር ስለ ሸርተቴ?

አዎ፣ ስለ ሸርተቴ። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 እንዲቀር ቃል ሲገባ ስሙን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ነው ያለው። ከተማችን የልጅ አካል እንዲያድግ የተገባ ቃል ስም ሆናለች። የልጅ አካል በምግብ ብቻ አያድግም፤ መሮጥ ይፈልጋል፣ መውደቅና መነሳት ይፈልጋል። እኛ ሰቆጣ ላይ መጫወቻችን ቆርኪ ነበር። ከመጠጥ ቤት ደጃፍ የተለቀመ የቢራና የለስላሳ ቆርኪ። ሳቁ፤ ግን ቢራ ለዋግ ልጅ የሰጠው ብቸኛ ነገር እሱ ነው።

ደግሞ ባዶ እጃችንን አይደለንም። ሻደይ አለን። ነሐሴ 16 የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ረጅሙን ለምለም ሣር ወገባችን ላይ አስረን፣ ከበሮ ይዘን፣ ሜዳው የእኛ ይሆናል። እናት ከዳር ቆማ ልጇን ታያለች፣ አያት ታያለች፣ ጎረምሳው ከዳር ነው፤ መሀሉ የሴት ልጅ ነው። ትኬት የለው፣ አጥር የለው፣ ፋሚሊ ፓርክ ማለት ይኼ ነው እንግዲህ። የምንፈራው በአንድ ነሐሴ ተመልሰን ስንሄድ ሜዳው ዳር የቢራ ስም ያለባቸው ጃንጥላዎች ተደርድረው፣ ወንበሮቹም ወደ ልጃገረዶቹ ዞረው ማግኘትን ነው። በዓሉ እየታወቀ፣ እንግዳው እየበዛ ሲሄድ ስፖንሰር ፈላጊውም ይበዛል። ስፖንሰሩ ደግሞ ማን እንደሚሆን ለመገመት ጋዜጠኛ መሆን አይጠይቅም።

ኮሪደር ልማቱ ከአዲስ አበባ ወጥቶ የክልል ከተሞችን እያዳረሰ ነው። ተራው ሰቆጣ ላይ ሲደርስ፣ አንድ ባለሀብት «የቤተሰብ መናፈሻ ልሥራ» ብሎ ወደ ማዘጋጃ ቤት መምጣቱ አይቀርም። ደስ ይለናል፣ ይምጣ። መሬቱ ሲሰጠው ውሉ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍልን። በግቢው ውስጥ አልኮል አይሸጥም፣ ተይዞም አይገባም። ከቢራ ፋብሪካ ጃንጥላ፣ ወንበርና ፍሪጅ መቀበል ክልክል ነው። ሦስተኛው፣ ውሉ ሲታደስ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አይነኩም፤ ምክንያቱም ፍሪጅ ሁልጊዜ የሚገባው በእድሳት ዓመት ነው።

«ወላጁ ታዲያ ምን ይጠጣ?» ብሎ የሚጨነቅ ካለ፣ ዋግ የማር አገር ነው። ማር በውኃ በጥብጦ፣ ሳይፈላ፣ በዕለቱ ማቅረብ ይቻላል፤ ብርዝ ይባላል፣ ጌሾ አይገባበትም። ማሩን የፃግብጂ ንብ አናቢ ያቅርብ፣ ዋጋውም እሱ ኪስ ይግባ። በብርሌ ይቀዳ። አባትየው ብርሌ ጨብጦ ይቀመጣል፣ ልጁም እንደ አባቱ ብርሌ ይጨብጣል፤ ሁለቱም የያዙት አንድ ዓይነት ነገር ነው።